ኢተጋማሽ ጉዞ ካለ ኢተጋማሽ መንገድ የግድ ይኖራል?

ጥያቄ

ተነሥቶ በመነሻው ነጥብ ላይ የሚያበቃ፣ የመስመሮቹ ብዛት ኢተጋማሽ የሆነ ጉዞ ሁሉ በውስጡ ኢተጋማሽ ዑደት (ከመነሻው በቀር ነጥብ ሳይደግም ወደ መነሻው የሚመለስ ጉዞ) እንዳለው አውቃለሁ። ታዲያ ከነጥብ «ሀ» ወደ ነጥብ «ለ» የሚሄድ ኢተጋማሽ ጉዞ ካለ፣ በእነዚሁ ነጥቦች መካከል አንድም ነጥብ የማይደግም ኢተጋማሽ መንገድ የግድ ይኖራል? የምጠይቀው መስመሮቻቸው አቅጣጫ ስለሌላቸው ግራፎች (በመስመሮች ስለተገናኙ የነጥቦች ስብስቦች) ነው።

መልስ 1

የግድ አይኖርም። «ሀ»ን ከ«መ»፣ «መ»ን ከ«ለ» የሚያገናኙ ሁለት መስመሮች ይሣሉ፤ ከዚያም «መ»፣ «ረ» እና «ሰ» ሦስት ማዕዘን እንዲሠሩ ያገናኟቸው። ሀ–መ–ረ–ሰ–መ–ለ የሚለው ጉዞ 5 መስመሮች አሉት፤ ነጥብ ሳይደግም ከ«ሀ» ወደ «ለ» የሚያደርሰው ግን ሀ–መ–ለ ብቻ ነው፤ ርዝመቱም 2 ነው።

የሁለቱ ጉዳዮች ልዩነት ያለው ማረጋገጫው ውስጥ ነው። ወደ መነሻው የሚመለስ ጉዞ አንድ ነጥብ ሲደግም እዚያው ላይ ተቆርጦ ሁለት አጫጭር፣ ሁለቱም ወደ መነሻቸው የሚመለሱ ጉዞዎች ይሆናል፤ የርዝመታቸው ድምር ኢተጋማሽ ስለሆነ ከሁለቱ አንዱ ኢተጋማሽ ነው፣ በእርሱም ላይ ቆረጣውን መቀጠል ይቻላል። ከ«ሀ» ወደ «ለ» የሚሄደው ጉዞ ሲቆረጥ ግን አንዱ ቁራጭ ዑደት፣ ሌላው ወደ «ለ» የሚያደርስ ጉዞ ይሆናል፤ ኢተጋማሽነቱ ለዑደቱ ከደረሰ ለመንገዱ የሚቀረው ተጋማሽ ርዝመት ብቻ ነው።

መልስ 2

በዚህ ምሳሌ ችግሩን ያመጣው ሦስት ማዕዘኑ በ«መ» ብቻ መንጠልጠሉ ነው። ማንኛውም አንድ ነጥብ ቢወገድ የማይበጠስ፣ ቢያንስ አንድ ኢተጋማሽ ዑደት ያለው ግራፍ ከሆነ፣ በየትኞቹም ሁለት ነጥቦች መካከል ኢተጋማሽም ተጋማሽም መንገድ አለ። ግራፍን ለመበጠስ መወገድ ያለባቸውን ነጥቦች ብዛት ነጥብ ከማይጋሩ መንገዶች ብዛት ጋር በሚያዛምደው በሜንገር ቲዎረም (1927) መሠረት ከ«ሀ» እና ከ«ለ» ተነሥተው ዑደቱ ላይ የሚደርሱ፣ ነጥብ የማይጋሩ ሁለት መንገዶች ይገኛሉ፤ የሚያርፉባቸው ነጥቦች ዑደቱን አንዱ ተጋማሽ፣ ሌላው ኢተጋማሽ በሆኑ ሁለት ቅስቶች ይከፍሉታል፤ የሚፈለገውን ቅስት መምረጥ የእርስዎ ነው። ኢተጋማሽ ዑደት ከሌለ ደግሞ፣ ዴኔሽ ኮኒግ በ1916 እንዳሳየው፣ ነጥቦቹ በሁለት ወገን ስለሚከፈሉ እና መስመር ሁሉ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ስለሚሻገር፣ የመንገዱ ዓይነት በ«ሀ» እና በ«ለ» ወገን አስቀድሞ ተወስኗል።

ጠያቂው

እጅግ አመሰግናለሁ። ግራፉ እንደ መልስ 1 ምሳሌ በአንድ ነጥብ የሚበጠስ ቢሆንስ ኢተጋማሽ መንገድ መኖሩን በምን ዘዴ እንለያለን?

መልስ 3

ለእኔ ከሁሉም የሚያምረው በማጣመር የሚሠራው ዘዴ ነው። የግራፉን ቅጂ ይሥሩ፤ ከቅጂው የ«ሀ»ን እና የ«ለ»ን አቻዎች ያስወግዱ፤ የቀረውንም እያንዳንዱን ነጥብ ከቅጂው አቻ ጋር በመስመር ያያይዙ። በአዲሱ ግራፍ ነጥቦቹን ሁሉ ሁለት ሁለት አድርጎ የሚያጣምር የመስመሮች ስብስብ ካለ ኢተጋማሽ መንገድ አለ፤ ከሌለ የለም። ምክንያቱን ለማየት ነጥብን ከአቻው ከሚያጣምረው ስብስብ ይጀምሩ፤ ሳይጣመሩ የሚቀሩት «ሀ» እና «ለ» ብቻ ናቸው። እነርሱንም ለማካተት የሚያስፈልገው መንገድ ከ«ሀ» በዋናው ግራፍ መስመር ይነሣል፣ ወደ ቅጂው ይሻገራል፣ በቅጂው አንድ መስመር ሄዶ ይመለሳል፣ እንዲህ እየተፈራረቀ ይቀጥላል። «ለ» ያለው በዋናው ግራፍ ብቻ ስለሆነ የመጨረሻው እርምጃም በዋናው ላይ ነው፤ ስለዚህ መሻገሪያዎቹ ሳይቆጠሩ የእርምጃዎቹ ብዛት ኢተጋማሽ ይሆናል። እያንዳንዱ ነጥብ ከአቻው ጋር አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚታለፍ ነጥብ አይደገምም። እንዲህ ያለውን ማጣመር በፍጥነት ማግኘት እንደሚቻል ጃክ ኤድመንድስ በ1965 አሳይቷል።

መስመሮቹ አቅጣጫ ካላቸው ግን ይህ ሁሉ አይሠራም፤ ላፖ እና ፓፓዲሚትሪዩ በ1984 የኢተጋማሽ መንገድ ጥያቄ ኤንፒ-ኮምፕሊት (ፈጣን መፍቻ ዘዴ ካልተገኘላቸው ከባድ ጥያቄዎች አንዱ) መሆኑን አረጋግጠዋል። ኢተጋማሽ ዑደት መፈለግ ግን በዚያም ቀላል ነው፤ በመልስ 1 የተጻፈው ቆረጣ የመስመሮቹን አቅጣጫ አይለውጥምና።