ለግዕዝ ሊንክ የትኛው ፍሬምወርክ?

የቡሬና የፍኖተ ሰላም ገበያ ዋጋ የሚያሳይ ድረ ገጽ እየሠራሁ ነው። ሊንኩ «/ቡሬ/በርበሬ» ብቻ እንዲሆን እፈልጋለሁ፤ ነጋዴው በስልክ ተነግሮት ሊጽፈው የሚችለው እንዲህ ያለውን ነው። ያለኝ ፒኤችፒ 8.2 እና ማይኤስኪውኤል (ዳታቤዝ) ያለው ሼርድ ሆስቲንግ (ከሌሎች ጋር የምጋራው ሰርቨር) ነው፤ ኤስኤስኤች (ከርቀት ትእዛዝ መስጫ) የለውም፣ ኤችቲአክሰስ (ሊንኮችን ወደ ፕሮግራሙ የሚመራ የሰርቨር ፋይል) ግን ይሠራል።

ጃንጎን (የፓይተን ፍሬምወርክ፣ ማለትም የድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ) ሞከርኩ። በሊንኩ ውስጥ የሚፈቀደውን የሚወስነው «ስለግ» የሚለው ኮንቨርተር የላቲን ፊደል፣ ቁጥር፣ ሰረዝና የታች መስመር ብቻ ስለሚቀበል 404 (ገጹ አልተገኘም) ሰጠኝ፤ ከ«/» በቀር ሁሉን ወደሚቀበለው «ስትር» ስቀይረው ኮምፒውተሬ ላይ ሠራ፣ ሆስቲንጉ ግን ፓይተን አያስኬድም። ከርዕስ የሊንክ ጽሑፍ የሚሠራው የላራቬል (የፒኤችፒ ፍሬምወርክ) ስለግ ፈንክሽን ደግሞ በነባሪው ሁሉን ወደ አስኪ (መሠረታዊ የእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች) ስለሚወስድ የግዕዙ ፊደል አይተርፍም። አንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (የፊደላት ኮድ) 3 ባይት ስለሆነ «በርበሬ» በፐርሰንት (እያንዳንዱ ባይት እንደ %E1 በ3 ምልክት) ሲጻፍ 36 ምልክት ይሆናል፤ ራውተሩ (ሊንኩን ወደ ገጹ የሚመራው የፍሬምወርኩ ክፍል) ይህንንም መልሶ መፍታት አለበት።

በዚህ ሆስቲንግ ላይ የግዕዝ ሊንክ ሳይሰብር የሚያስተናግድልኝ የትኛው የፒኤችፒ ፍሬምወርክ ነው፦ ላራቬል፣ ኮድኢግናይተር 4 ወይስ ስሊም?