ከጅማ ወደ ባንኮክ ከልጆች ጋር፦ አብረን እንሂድ ወይስ እሱ ይቅደም?

የሂርማታ እናት

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ እንዴት ከረማችሁ። ከጅማ ነው የምጽፈው፣ ሂርማታ ሰፈር። ባለቤቴ ባንኮክ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሁለት አመት የምርምር ስራ አግኝቷል አልሀምዱሊላህ፣ ቢሮው ቪክትሪ ሞኑመንት የሚባለው ሰፈር አጠገብ ነው አሉት። ቤተሰብ ይዘህ መምጣት ትችላለህ ብለውታል፣ እሱ ደሞ እናንተን ጥዬ አልሄድም እያለ ነው። ሁለት ልጆች አሉን፣ ትልቋ 8 አመቷ ነው ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች፣ ትንሹ 3 ሊሞላው ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ እኔን ያስጨነቀኝ ቪዛው አይደለም፣ የሱን መንገድ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። ኑሮው ነው። እዚህ ጠዋት ጀበና ስጥድ ጎረቤቴ ከአጥር ወዲያ ሆና ትጣራለች፣ ልጆቹ ከግቢ ግቢ እየሮጡ ነው የሚውሉት፣ አንዳንዴ ምሳ ማን ቤት እንደበሉ እንኳን አላውቅም፣ እናቴ ጋ በእግሬ አስር ደቂቃ ነው። እዛ ግን በፎቶ እንደማየው ሰው ሃያኛ ፎቅ ላይ በሩን ዘግቶ ነው የሚኖረው። ሙቀቱስ? ጅማ ተወልዶ ያደገ ሰው ዝናብና ጭቃ እንጂ 38 ዲግሪ የት ያውቃል። ቋንቋውን አንድ ቃል አላውቅም፣ አሳማ የማይነካ ቤተሰብ እዛ አገር ምን እንደሚበላም አላውቅም፣ ልጄ በምን ቋንቋ ተምራ ስትመለስ ከእኩዮቿ ጋር እንዴት እንደምትቀጥልም አላውቅም።

እናቴ እሱ ይቅደም፣ ቤት ይያዝ፣ አንቺ ከሶስት ወር በኋላ ልጆቹን ይዘሽ ትከተይዋለሽ ትላለች። እናንተ ምን ትላላችሁ? በተለይ ልጅ ይዛችሁ የሄዳችሁ እናቶች፣ እባካችሁ ዝርዝሩን ንገሩኝ፣ "አይዞሽ ትለምጂዋለሽ" የሚለውን ሁሉም ሰው ብሎኛል።

የአጋሮዋ

እህቴ እንኳን ደስ ያላችሁ። አጋሮ ተወልጄ ጅማ ነው ያገባሁት፣ ባንኮክ አሁን አምስተኛ አመቴ ነው፣ ሶስት ልጆች አሉኝ አንዷን እዚሁ ወለድኳት። የጻፍሽውን ሳነብ የዛን ጊዜዋን ራሴን ያየሁ ነው የመሰለኝ።

እናትሽ ልክ ናቸው፣ እሱ ይቅደም። እኛ አብረን ነው የመጣነው፣ ያውም መጋቢት መጨረሻ ላይ፣ እዚህ ከሁሉም የሚብሰው ሙቀት በዛ ጊዜ ነው። ከኤርፖርቱ በር ስንወጣ ልጄ "እማዬ ምጣድ ተጥዷል እንዴ" ነው ያለኝ። ቤት ስላልነበረን አንዲት የሆቴል ክፍል ውስጥ ሶስት ሳምንት ከሁለት ልጅ ጋር ተቀመጥኩ፣ ባሌ ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው፣ እኔ ውሀ ለመግዛት እንኳን ከህንጻው መውጣት ፈራሁ። ከዛ በችኮላ ለሱ ስራ የሚቀርብ ኮንዶ ያዝን፣ ቆንጆ ነው መዋኛም አለው፣ ግን አንድም የማውቀው ፊት የለም፣ ሊፍት ውስጥ ሰው ሁሉ ስልኩን ነው የሚያየው። ስድስት ወር አለቀስኩ። ውሉ ሳያልቅ ስንወጣ ደሞ የሁለት ወር ማስያዣችን ቀረ። እዚህ ስትከራዪ የሁለት ወር ማስያዣና የአንድ ወር ቅድሚያ ነው የሚጠይቁሽ፣ ውሉም ብዙውን ጊዜ የአንድ አመት ነው፣ ስለዚህ ሰፈሩን ሳታውቁ አትፈርሙ። ባለቤትሽ መጀመሪያ በወር የሚከፈል ትንሽ ክፍል ይያዝና ቅዳሜና እሁድ ሰፈር ይዙር።

ሲዞር ደሞ ህንጻ ሳይሆን ሰው ይፈልግ። እኛ አሁን ያለነው ራምካምሄንግ አካባቢ ነው። የታይላንድ እስልምና ማእከል ትልቁ መስጊድ እዚሁ ነው፣ ከታይላንድ ደቡብ የመጡ ሙስሊም ቤተሰቦችና ተማሪዎች ሞልተዋል፣ ሀላል ምግብ በየመንገዱ ነው። ለባለቤትሽም አይከፋውም፣ የኤርፖርቱ ባቡር ራምካምሄንግ ላይ ይቆማል፣ በሱ ፓያ ታይ ድረስ ሄዶ ሰማይ ባቡር ወደሚሉት በድልድይ ላይ የሚሄድ የከተማ ባቡር ይቀይርና አንድ ጣቢያ ሄዶ ቪክትሪ ሞኑመንት ነው። ቤታችን አሮጌ ነው አራተኛ ፎቅ ነው፣ ግን ከታች ሩዝ የምትሸጠው ሴትዮ ልጆቼን በስም ታውቃቸዋለች፣ ሴት ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ እኔ ካልደረስኩ እሷ ጋ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች። እኔን የፈወሰኝ ይሄ ነው እንጂ መዋኛው አይደለም።

ስለ ምግብ አትጨነቂ። "ማይ ሳይ ሙ" ማለት አሳማ አትጨምሩ ማለት ነው፣ "ማይ ፔት" አታቃጥሉት ማለት ነው፣ እነዚህን ከነገ ጀምሮ ልጆቹን አስጠኚ። ሴት ስትናገር መጨረሻው ላይ "ካ" ትላለች፣ ያንን ከረሳሽ ቁጡ ትመስያለሽ። የታሸገ ነገር ላይ የሀላል ምልክቱን እያየሽ ግዢ። ገበያው ላይ ሆራፋ የሚሉት ቅጠል አለ፣ የኛው በሶብላ ዘመድ ነው፣ ሳሸተው እናቴ ጓሮ የገባሁ ነው የሚመስለኝ። የሙዝ ቅጠል ደሞ በየጉልቱ ታጥፎ ይሸጣል፣ ለኢድ ድፎ ዳቦ በሱ ነው የምጋግረው። ኮረሪማ ግን ይዘሽ ነይ።

አንድ የምለምንሽ ነገር፣ ስለ ደንጌ፣ ትንኝ የምታስተላልፈው የትኩሳት በሽታ ነው። እኛ አገር የወባ ትንኝ ማታ ናት፣ አጎበር ዘርግተን እንተኛለን። የደንጌዋ ቀን ነው የምትነክሰው፣ ጠዋትና አመሻሽ ላይ ትብሳለች፣ የምትራባውም ንጹህ ውሀ ላይ ነው፣ የአበባ ማስቀመጫ ስር የተጠራቀመ ውሀ ይበቃታል። ሁለተኛው ልጄን ይዞት ነበር። ሶስት ቀን ሰውነቱ እሳት ሆኖ አራተኛው ቀን ላይ ትኩሳቱ ወረደለት፣ እኔ ዳነልኝ ብዬ ለእናቴ ደወልኩ። ማታ ሆዴን አለኝ፣ ማስመለስ ጀመረው፣ እጅና እግሩ ቀዘቀዘ። ሀኪሟ አደገኛው ሰአት ትኩሳቱ ሲወርድ ነው፣ እንኳን አመጣሽው አለችኝ። ስለዚህ ልጅሽን ካተኮሰው ፓራሲታሞል ብቻ ስጪ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን እንዳትሰጪ፣ ደሙን አስመርምሪ፣ ትኩሳቱ ሲወርድ ደሞ ይበልጥ ንቂ።

መንገደኛው

ሰላም እህታችን። እኔ ባንኮክ ሶስት አመት ተምሬ አሁን አዲስ አበባ ነኝ። ኑሮውን እህታችን ጥሩ አድርገው ነግረውሻል፣ እኔ የወረቀቱን ልጨምር ምክንያቱም አንዷ ወረቀት ስትጎድል ነው ቤተሰብ ተለያይቶ የሚቀረው።

ባለቤትሽ በስራ ቪዛ ከገባ አንቺና ልጆቹ በሱ ስር ኦ በሚባለው ቪዛ ነው የምትገቡት። ለዛ የጋብቻ የምስክር ወረቀትና የሁለቱም ልጆች የልደት ሰርተፍኬት በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ውጭ ጉዳይ ማህተም ያረፈበት ይሁን፣ ይህን ጅማ እያላችሁ ጀምሩት፣ አዲስ አበባ መሄጃው ብቻ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀኖቹን አንድ በአንድ አመሳክሪ፣ እኛ በኛ አቆጣጠር እንጽፋለን፣ ቪዛው በፈረንጅ ነው፣ ታይዎቹ ደሞ የራሳቸው አላቸው፣ የፈረንጆቹ 2025 እነሱ ጋ 2568 ነው። የጓደኛዬ ልጅ የትውልድ ቀን ሁለት ወረቀት ላይ ተለያይቶ ወር ሙሉ ተጉላልተዋል።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከኢትዮጵያ ለሚመጣ ግዴታ ነው፣ ከተከተባችሁ 10 ቀን ካላለፈ አይሰራም፣ ለጉዞው ዋዜማ እንዳታቆዩት። ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት ሶስት ቀናት ውስጥ ደሞ የመግቢያ ፎርሙ በኢንተርኔት ይሞላል፣ ነጻ ነው፣ ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካያችሁ ሸሹት። ከገባችሁ በኋላ አከራዩ አድራሻችሁን ለኢሚግሬሽን ማስመዝገብ አለበት፣ እናንተ በየ90 ቀኑ ሪፖርት ታደርጋላችሁ። ከሁሉ በላይ ይቺን ያዢልኝ፣ ለለቅሶም ለሰርግም ወደ አገር ቤት ስትመጪ መጀመሪያ የመመለሻ ፈቃድ አውጪ፣ ለአንድ ጊዜ 1,000 ባት (የታይላንድ ገንዘብ) ነው። ሳታወጪ ከወጣሽ የመኖሪያ ፈቃድሽ ይሰረዛል።

አስተማሪ ነኝ ብለሻል። በቤተሰብ ቪዛ ያለ ስራ ፈቃድ ቤት ውስጥ ማስጠናትም ቢሆን ስራ ነው የሚባለው፣ እንዳትሞክሪው። ቀጣሪ ትምህርት ቤት ካገኘሽ ግን ፈቃዱን በነሱ በኩል ታገኛለሽ።

ሌላው መኪና በግራ ነው የሚነዳው። ልጆቹ መንገድ ሲሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እንዲያዩ አሁኑኑ አስለምዷቸው፣ እኔ ትልቁ ሰውዬ የመጀመሪያ ሳምንት ሞተር ሊገጨኝ ለትንሽ ነው የተረፍኩት። የሰው ጭንቅላት አይነካም፣ እግር ወደ ሰው አይዘረጋም፣ ስለ ንጉሡ ክፉ መናገር በህግ ያስቀጣል። ጠዋት ሁለት ሰአትና ማታ አስራ ሁለት ሰአት ላይ መዝሙር ከሰማችሁ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ።

አንድ ደስ የሚል ነገርም ልንገርሽ፣ በባህላዊው አቆጣጠራቸው ማታ አንድ ሰአትና ሁለት ሰአት እነሱም ጋ እንደኛው አንድና ሁለት ነው። "ሶንግ ቱም" ሲሉሽ ሁለት ሰአት ማለት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማ አገሬ የገባሁ መሰለኝ።

ቢኒ የጅሬን

እኔ እሱ ይቅደም በሚለው አልስማማም። እኛ ሶስት ወር ብለን ተለያይተን አስራ አንድ ወር ነው የቆየነው፣ ዛሬ ወረቀት ነገ ብር እየተባለ። ትንሿ ልጄ ስደርስ አላወቀችኝም፣ እናቷ ጀርባ ተደበቀች። አብረው መሄድ ካልቻሉም ትኬቱ ቀኑ ተቆርጦ ይገዛ፣ በኋላ እናየዋለን የሚል ነገር አይኑር። እህታችን ይሄን ለባለቤትሽ አንብቢለት።

የአጋሮዋ

ወንድሜ ልክ ነህ፣ ቀኑ ይቆረጥ። እኔ ያልኩት ለቤትና ለሰፈር የሚሆን ጊዜ ይኑር ነው እንጂ ቤተሰቡ ይራራቅ ማለቴ አይደለም። ስድስት ሳምንት ከበቂ በላይ ነው። ህዳር ላይ ብትመጪ ዝናቡ አብቅቶ ትንሽ ቀዝቀዝ የሚልበት ጊዜ ነው፣ ከጅማ ለመጣ ሰው ከዛ የተሻለ መግቢያ የለም። ከታህሳስ ጀምሮ እስከ መጋቢት ግን የአየር ብክለቱ ይበረታል፣ ሰማዩ ግራጫ የሚሆንበት ቀን አለ፣ ትንሹን እንደዛ ቀን ውጪ አታስሩጪው።

ስለ ትምህርት የጠየቅሽውን ዘልዬው ነበር። የመንግስት ትምህርት ቤት የውጭ ዜጋ ልጅም ይቀበላል፣ ግን ትምህርቱ በታይኛ ነው፣ የሚጀምረው ደሞ ግንቦት ላይ ነው። ኢንተርናሽናሉ ነሀሴ ላይ ይጀምራል፣ ዋጋው ግን ቀጣሪ ካልከፈለው በኛ አቅም አይታሰብም። መሀል ላይ በሁለት ቋንቋ የሚያስተምሩ አሉ፣ የኔዎቹ እዛ ናቸው። የልጅሽን መሸኛና የውጤት ካርድ አስተርጉመሽ ያዢ። የሶስተኛና የአራተኛ ክፍል መጽሀፎቿንም አትርሺ፣ ማታ ማታ ግማሽ ሰአት አብረሻት አንብቢ። የኔ ትልቁ አሁን ታይኛ እንደ ውሀ ነው የሚናገረው፣ አያቱ ሲደውሉ ግን ቃል ጠፍቶት ስልኩን ለኔ ያቀብለኛል። ከዚህ በላይ የሚቆጨኝ ነገር የለም።

የሂርማታ እናት

አላህ ይስጣችሁ፣ እንዲህ ነው የፈለኩት። ትናንት ማታ ለባለቤቴ አነበብኩለት፣ የወንድማችን የልጅቷ ነገር ላይ ሲደርስ ዝም አለ። እሱ መስከረም መጨረሻ ላይ ይሄዳል እኛ ህዳር መጀመሪያ ላይ እንከተላለን፣ ትኬቱን አንድ ላይ ነው የምንቆርጠው ብለናል። ራምካምሄንግ የሚለውን ጽፎ ያዘ። እናቴም ደስ ብሏታል።

አሁን የቡናውን ንገሪኝ እህቴ። ጀበናና ረከቦቴን ትቼ መምጣት አልችልም። ምጣድስ ይዤ ልምጣ? ቡናውን እዛ ቤት ውስጥ ይቆሉታል?

የአጋሮዋ

ምጣዱን አምጪው፣ ኤሌክትሪኩ እንደኛው 220 ነው፣ ሶኬቱን ብቻ እዚህ ትቀይሪያለሽ። ግን ብዙ ኃይል ስለሚስብ ከመከራየታችሁ በፊት የቤቱ መስመር ይችለው እንደሆነ ባለቤትሽ ይጠይቅ፣ መብራቱንም በቀጥታ ለመንግስት የሚከፈልበት ቤት ይፈልግ፣ አንዳንድ አከራይ በራሱ ዋጋ እጥፍ ያስከፍላል። ሊጡን እንደ ጅማ ሶስት ቀን አታቆዪው፣ በዚህ ሙቀት በአንድ ቀን ተኩል ይደርሳል፣ ካሳለፍሽው ይኮመጥጣል። ጤፍ እስክታገኚ የሩዝ ዱቄት እየቀላቀልሽ ትጋግሪያለሽ።

ቡናውን ቆልተሽ አምጪው፣ ጥሬው የእጽዋት ቁጥጥር አለበት። እኔ የመጀመሪያውን ቤት የገባሁ ቀን ቡና ቆልቼ እጣን ሳጨስ የጭሱ ደወል ጮኸ፣ ጥበቃዎቹ እየሮጡ መጡ፣ ልጆቼ አለቀሱ፣ ከዛ ወዲህ ለወራት ጀበናዬን አላነሳሁም ነበር። አሁን ያለንበት ቤት በረንዳ አለው፣ እዛ ነው የምቆላው፣ ከታች ያለችው ሴትዮ ሽታው ሲደርሳት ቀና ብላ እጇን ታውለበልባለች፣ ሲኒዋን እኔ ነኝ የማወርድላት። ስለዚህ በረንዳ ያለው ቤት ይፈልግ በይው።

ጀበናውን ሻንጣ ውስጥ እንዳትጨምሪው ይሰበራል፣ ውስጡን ካልሲ ጠቅጥቀሽ በፎጣ ጠቅልለሽ በእጅ ያዢው። ፈንዲሻ እዚህ አለ፣ አትሸከሚ።