የነፋስ አምላክ ቤተ መቅደስ ለምን ክብ ሆነ? ነፋስስ እንዴት ከፈጣሪዎች ተቆጠረ?

ጠያቂ (ከሱሉልታ)፦
ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ተሳታፊዎች። የምኖረው ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ነው። ባለፈው መጋቢት ከሜዳው የተነሣው ነፋስ የማድ ቤታችንን ቆርቆሮ ከነሚስማሩ ነቅሎ ጎረቤት አጥር ላይ ሲጥለው፣ አጠገቡ ያለችው የአያቴ የሣር ጎጆ ግን ክዳኗ እንኳ አልተበተነም። አያቴም «ነፋስ ማዕዘን ሲያገኝ ይታገላል፤ ክብ ሲያገኝ ዞሮ ያልፋል» አሉኝ። ይህን እያሰላሰልኩ ሳለ፣ በጥንቷ ሜክሲኮ የነበሩት አዝቴኮች ኤሄካትል ለተባለው የነፋስ አምላክ ክብ ቤተ መቅደስ ይሠሩለት እንደነበር አነበብኩ። የሌሎቹ አማልክት ቤተ መቅደሶች በአብዛኛው አራት ማዕዘን ሆነው ሳለ የእርሱ ለምን ክብ ሆነ? ከሁሉ በላይ ያልገባኝ ግን፣ ጣራ ሲነቅልና ሰብል ሲያጋድም የምናውቀው ነፋስ በምን ምክንያት ከፈጣሪዎች ተርታ እንደገባ ነው።

መልስ (ከለገጣፎ)፦
አያትዎ የተናገሩት ተመራማሪዎች ከሚሰጡት ማብራሪያ ጋር ይገጥማል፤ ማዕዘን የሌለው ግንብ ነፋሱን ሳያግድ ያሳልፋል ተብሎ ይታሰባል። በ16ኛው መቶ ዘመን የጻፉ የስፔን መነኮሳት ደግሞ ነፋስ ሰማይን ስለሚዞር ቤቱም ክብ ተደረገለት የሚል ምክንያት አስፍረዋል። በቶሉካ ሸለቆ፣ ካሊሽትላዋካ በተባለው ስፍራ፣ እንዲህ ያለ ትልቅ ክብ ቤተ መቅደስ ዛሬም ቆሞ ይታያል። በሜክሲኮ ሲቲም እ.ኤ.አ. በ1967 የምድር ውስጥ ባቡር መስመር ሲቆፈር ለኤሄካትል የተሠራ ትንሽ ክብ ቤተ መቅደስ ተገኝቶ፣ ሳይፈርስ በፒኖ ሱዋሬዝ ጣቢያ ውስጥ ስለተጠበቀ፣ ተሳፋሪው በየዕለቱ በአጠገቡ ያልፋል። በእኛ ዳር ዳር መንደሮችም የመሠረት ቁፋሮ በበዛበት በዚህ ጊዜ ከአፈር የሚወጣ ቅርስ ሁሉ እንዲህ ቢጠበቅ ምንኛ ደስ ባለኝ።

መልስ (የታሪክ መምህር፣ ከሰበታ)፦
ሁለተኛው ጥያቄዎ የነገሩ ልብ ነው። ኤሄካትል ላባ ያለው እባብ የሚባለው የታላቁ አምላክ የኬትሳልኮአትል አንዱ ገጽታ ነው። አዝቴኮች ከእኛ ዘመን በፊት አራት ዘመናት፣ በእነርሱ አነጋገር አራት ፀሐዮች፣ አልፈው ጠፍተዋል ብለው ያምኑ ነበር፤ ከእነዚህም አንዱ በአውሎ ነፋስ ሲጠፋ ሰዎቹ ወደ ዝንጀሮነት ተለወጡ ይላሉ። ስለዚህ ነፋስ አጥፊ መሆኑን ከእኛ ባላነሰ ያውቁ ነበር።

ይሁን እንጂ አምስተኛው ፀሐይ የተፈጠረበትን ትረካ ይመልከቱ። ዓለም በጨለማ ተውጣ ሳለ አማልክቱ በቴኦቲዋካን እሳት አንድደው ተሰበሰቡ፤ ባለጸጋው አምላክ ቴኩሲስቴካትል አራት ጊዜ ወደ እሳቱ ቀርቦ አራቱንም ጊዜ ሲያፈገፍግ፣ ሰውነቱ በቁስል የተሸፈነው ድኻው ናናዋትሲን ግን ዓይኑን ጨፍኖ ዘሎ ገባና ፀሐይ ሆነ። ፀሐዩ ከወጣ በኋላ ግን በሰማይ ላይ ቆሞ ቀረ። መነኩሴው ሳአጉን ከአገሬው ሽማግሌዎች ሰምቶ ባስጻፈው ትረካ መሠረት፣ የአማልክቱ መሞት እንኳ ፀሐዩን አላንቀሳቀሰውም፤ ኤሄካትል በኃይል ሲነፍስ ብቻ ጉዞውን ጀመረ። እንደ እኔ ግምት ነፋስን ፈጣሪ ያሰኘው ይህ ነው፦ የተሠራው ነገር ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ካላገኘ እንደ ሙት ይቆጠራልና። በዚሁ በሳአጉን መጽሐፍ ነፋስ የዝናብ አማልክትን መንገድ የሚጠርግ ተብሎም ተጠርቷል፤ ከበልግ ዝናብ በፊት አቧራና ገለባ እየጠረገ የሚያልፈውን የመጋቢት ነፋስ ለሚያውቅ የእኛ አገር ገበሬ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም።

ጠያቂ፦
እጅግ አመሰግናለሁ፣ መምህር። የሰው ልጅን በመፍጠርስ ድርሻ ነበረው?

መልስ (ከየካ አባዶ)፦
አዎን፣ ነበረው። ኬትሳልኮአትል ያለፉትን ሰዎች አጥንት ለማምጣት ወደ ሙታን አገር ወደ ሚክትላን ሲወርድ፣ የዚያ ጌታ ቀዳዳ የሌለው የቀንድ አውጣ ቅርፊት ሰጥቶ «ንፋ» አለው። ትሎች ቅርፊቱን ቦረቦሩለት፣ ንቦችም ገብተው ጮኹለትና ድምፁ ተሰማ። አጥንቱን ይዞ ሲመለስ ግን ወድቆ ተሰባበረበት፤ ሰዎች በቁመት የተለያየነው በዚህ ምክንያት ነው ይላሉ። የተሰባበረው አጥንት ተፈጭቶ የአማልክት ደም ሲፈስበት ሰው ተገኘ።

ጎጆውን ከቤተ መቅደሱ ጋር ማመሳሰልዎ መልካም ሆኖ ሳለ፣ መመሳሰሉን የዝምድና ማስረጃ እንዳናደርገው እጠነቀቃለሁ። ይልቅስ ነፍስ፣ ነፋስና መንፈስ በግእዝ ከአንድ ሥር መውጣታቸው፣ እኛም በራሳችን መንገድ እስትንፋስንና ነፋስን አጠገብ ለአጠገብ እንዳስቀመጥን ያሳየኛል። የኤሄካትልን ምስል ካገኙ ሁለት ነገር ይፈልጉ፦ የሚነፋበትን፣ እንደ ዳክዬ ምንቃር ወደ ፊት የሾለውን የአፍ ጭምብል፣ እንዲሁም በደረቱ ላይ የተንጠለጠለውን ጌጥ። ጌጡ ለሁለት የተቆረጠ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ነው፤ በውስጡ የሚታየው ጥምዝም የአዙሪት ነፋስ ቅርጽ ነው።