ካልፕሮቴክቲን ከሕዋስ ውጭ ምን ይሠራል?

የላብራቶሪ ተማሪዋ፦ ጤና ይስጥልኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ሰገራ ካልፕሮቴክቲን ምርመራ ገለጻ አቀርባለሁ። የተማርነው ካልሲየም የሚይዙ ፕሮቲኖች የሕዋስን የውስጥ መልእክት እንደሚያስተላልፉ ነው። ታዲያ ካልፕሮቴክቲንም ካልሲየም የሚይዝ ፕሮቲን ነውና፣ ሰገራ ውስጥ መገኘቱ ሕዋሱ መፍረሱን ብቻ ያሳያል ወይስ ከሕዋስ ውጭም ሥራ አለው? ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

ባዮኬሚስት፦ ከካልሲየሙ ቢጀምሩ ይቀልዎታል። ባረፈ ሕዋስ ውስጥ ያለው ነጻ ካልሲየም ከውጭው በ10,000 እጥፍ ገደማ ስለሚያንስ፣ ለቅጽበት የሚገባው ጥቂት ካልሲየም እንኳ ለሕዋሱ ትልቅ ወሬ ነው። ካልሞዱሊን የተባለው የሕዋስ ውስጥ ፕሮቲን አራት ካልሲየም ሲይዝ ቅርጹ ተለውጦ ተሸፍኖ የቆየው ገጹ ይገለጣል፤ በዚያ ገጹም ኤንዛይሞችን ይዞ ያነቃል። ከሕዋስ ውጭ ግን ካልሲየም ዘወትር ሞልቶ ስላለ፣ ምልክት የሚሆነው የካልሲየሙ መጨመር ሳይሆን የፕሮቲኑ እዚያ መገኘት ነው። ካልፕሮቴክቲን ኤስ100 ከሚባለው ቤተሰብ ነው፤ ስሙ የመጣው በ100 በመቶ የጠገበ የአሞኒየም ሰልፌት ውህድ ውስጥ ከመሟሟቱ ነው፣ ገለጻው ላይ ቢጠቅሱት አድማጭ ያነቃል።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦ በዚህ ላይ ልጨምር። ኒውትሮፊል በተባለው ነጭ የደም ሕዋስ ሳይቶፕላዝም (የሕዋሱ ውስጣዊ ፈሳሽ) ከሚሟሟው ፕሮቲን ግማሽ ያህሉ ካልፕሮቴክቲን ነው። ኒውትሮፊሉ ብግነት ወዳለበት አንጀት ገብቶ ሲለቀው፣ ቲኤልአር4 የተባለውን ተቀባይ በመንካት ሌሎች የመከላከያ ሕዋሳትን ይቀሰቅሳል። በተጨማሪም ባክቴሪያው የሚፈልጋቸውን ዚንክና ማንጋኒዝ ይነጥቃል፤ የሚገርመው፣ እነዚህን ማዕድናት አጥብቆ የሚይዘው ውጭ ያለውን ካልሲየም ከያዘ በኋላ መሆኑ ነው። ስለዚህ «የፈረሰ ሕዋስ ፍርስራሽ» ብለው አይጻፉት።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ እህቴ፣ ካልሲየም የያዘው ፕሮቲን በአንጀት ኤንዛይሞች በቀላሉ አይፈጭም፤ ናሙናው ለጥቂት ቀናት ያለ ማቀዝቀዣ የሚቆየውም ለዚህ ነው። ስህተት የሚበዛው ሚዛኑ ላይ ነው፦ 100 ሚሊግራም ያህል ሰገራ በዱላው ጫፍ ሲወሰድ ከንፍጡ ብቻ ከተቆነጠረ ውጤቱ ይዛባል። ብዙ ጊዜ በግራም ከ50 ማይክሮግራም በታች መደበኛ ይባላል። በሽተኛው አይቡፕሮፌን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ይወስድ እንደሆነ ጠይቂ፤ ክሮንስ የተባለው ሥር የሰደደ የአንጀት ብግነት ሳይኖርም ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋልና።

የላብራቶሪ ተማሪዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በባክቴሪያ በሚመጣ ተቅማጥስ ከፍ ይላል?

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦ አዎን፣ ይላል። ምርመራው ብግነት መኖሩን ይናገራል እንጂ ምንጩን አይለይም።