ልጄ ሳይደማ ለምን ይወጋል?

የአራት ኪሎ እናት (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ። የ7 ዓመት ልጄ ከባድ ሄሞፊሊያ ኤ (ደም በደንብ የማይረጋበት በሽታ) አለበት። ከመስከረም እስከ ጥር ግራ ጉልበቱ ሦስት ጊዜ ደማ። ሳይወድቅ፣ ሳይመታ። እስካሁን ሲያብጥ ብቻ ነበር ሮጠን ፋክተር (ደም የሚያረጋውን መድኃኒት) የምናሰጠው። አሁን ሐኪሙ «ባይደማም በሳምንት ሁለቴ ይውሰድ» አለን። ደህና ሆኖ ሲጫወት የዋለ ልጅ ለምን ይወጋል? ደም ሥሩም በመከራ ነው የሚገኘው። አማቴ ደግሞ «ወለምታ ነው፣ ወጌሻ ይየው» ብለው ይዘውኛል።

ጋቢና
እህቴ፣ ወጌሻ በፍጹም! እኔም ሄሞፊሊያ አለብኝ። በ9 ዓመቴ ታሽቼ፣ ማታ ጉልበቴ ከማበጡ የተነሳ ሱሪዬ አልወልቅ ብሎ በመቀስ ተቀደደ። ያኔ መድኃኒቱን የማገኘው ከደማሁ በኋላ ነበር፤ እሱም ከተገኘ። ሕመሙ ሲተወኝ የዳንኩ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ጉልበቴ በደንብ አይታጠፍም፣ ታክሲ ውስጥ ጋቢና ካልሆነ መቀመጥ አልችልም። ስሜም ከዚያ የመጣ ነው።

ሲስተር
ሐኪሙ ልክ ነው። መገጣጠሚያ ውስጥ የፈሰሰ ደም ብረት አለው። ብረቱ የውስጡን ስስ ሽፋን ያስቆጣዋል፣ ሽፋኑ ያብጥና አዳዲስ ደም ሥር ያበቅላል፣ እሱ ደግሞ በትንሽ ነገር ይደማል። በስድስት ወር ሦስቴ ያለምክንያት የደማ መገጣጠሚያ የሚያሰጋው ለዚህ ነው። ቀስ በቀስ የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ልስልስ ሽፋን ያልቃል።

ፋክተር 8፣ ማለትም ለልጅሽ የሚሰጠው ፋክተር፣ ሰውነት ውስጥ ቶሎ ይቀንሳል፣ በ12 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ገደማ በግማሽ። የሚደጋገመውም ለዚህ ነው። በ2007 እንደ ፈረንጆች የወጣ የአሜሪካ ጥናት ነበር። 2 ዓመት ተኩል ሳይሞላቸው ጀምረው በመደበኛነት የወሰዱ ልጆች 6 ዓመት ሲሞላቸው በኤምአርአይ ሲታዩ 93 በመቶው መገጣጠሚያቸው ደህና ነበር። ሲደሙ ብቻ የታከሙት 55 በመቶ። ያንቺ ልጅ ዘግይቷል፣ አልዋሽሽም፤ የተጎዳው አይመለስም። የቀረውን ማትረፍ ግን ይቻላል።

ደም ሥር ካስቸገረ ኤሚሲዙማብ ስለሚባለው የመድማት መከላከያ መድኃኒት ጠይቂ። ከቆዳ ሥር ነው የሚወጋው፣ በሳምንት ወይም እስከ አራት ሳምንት ድረስ አንዴ። ለሄሞፊሊያ ኤ ብቻ ነው። ደም ከጀመረ ግን እሱ አያቆምም፣ ፋክተር ያስፈልጋል። አብዛኛው መድኃኒት በእርዳታ ስለሚመጣ አቅርቦቱን አስቀድማችሁ አጣሩ።

ፊዚዮ
አንድ ነገር ልጨምር። የፋክተር መርፌውን ጠዋት፣ ስፖርት ባለበት ቀን አድርጉት። በደሙ ውስጥ መጠኑ ከፍ የሚለው ያኔ ነው። ዋናና ብስክሌት ጥሩ ናቸው፤ ቦክስና ካራቴ ይቅሩ። ኳስ ይጫወት ወይ ለሚለው ሐኪሙን ጠይቁ፣ ጉልበቱ እስኪረጋ ግን አይሆንም። እግሩ ካበጠ ፋክተር ወስዶ ይረፍ። ከዚያ የጭን ጡንቻውን ቀስ እያላችሁ አጠንክሩ፣ ጡንቻው ከሳሳ ጉልበቱን የሚይዝለት የለም።

የሁለት ልጆች እናት
ደም ሥሩ እንዲወጣ እጁን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ አቆዪው፣ ውሃም ይጠጣ። እኔ ጥቁር አንበሳ እየተመላለስኩ ራሴ መውጋት ተማርኩ። መጀመሪያ እጄ ተንቀጥቅጦ አለቀስኩ። ቀኑንና መጠኑን በደብተር ጻፊ። ደግሞ ለሕመም ፓራሲታሞል እንጂ አስፒሪን፣ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን እንዳትሰጪው። ጡንቻው ውስጥ እንዳይደማ መቀመጫው ላይም አይወጋ!

የአራት ኪሎ እናት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። የሱሪውን ታሪክ ለአማቴ ሳነብላቸው ዝም አሉ። ስፖርቱ ማክሰኞና ዓርብ ነው፣ በዚያው ልንጀምር ነው። መብራት ሲጠፋ መድኃኒቱን ምን ላድርገው? ፍሪዘር ውስጥ ላስገባው?

ሲስተር
ፍሪዘር እንዳይሆን፣ በረዶ ከሠራ ይበላሻል። ከፍሪጅ ውጭ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። የወጣበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፊበት።