አለቃዬ "አይናገርም" ብላ ጻፈችብኝ

ሰላም ለዚህ ቤት። በዲቪ ከመጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ሆቴል ክፍል አጸዳለሁ። አንድም ቀን አልቀረሁም፣ አላረፈድኩም። ባለፈው ሳምንት አለቃዬ ጠርታ የሥራ ግምገማዬን አሳየችኝ። ሥራው ጥሩ ነው ይላል። ከታች ግን "አይናገርም" የሚል አለበት። ምን ልናገር? የተቀጠርኩት ላጸዳ አይደል እንዴ? ከዚያ ወዲህ ስታየኝም ፊቷ ደስ አይልም። እስቲ የቆያችሁ ምከሩኝ።

መልስ
ወንድሜ፣ አይዞህ። እኔ እዚህ አገር ከመጣሁ 14 ዓመቴ ነው። ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ውስጥ በረዳትነት ጀምሬ ዛሬ ሺፍት የማከፋፍለው እኔ ነኝ። በሁለቱም በኩል ቆሜ አይቼዋለሁ።

ከመጀመሪያ አለቃዬ ጋር ስድስት ወር ሙሉ አልተግባባንም። ስታናግረኝ እንደ አገራችን ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ "እህ" እላታለሁ። አዎ ማለቴ ነው። እሷ ግን የደነገጥኩ ወይም ያመመኝ ይመስላታል። "ደህና ነሽ?" ትለኛለች። እኔ ደግሞ ይቺ ሴትዮ በየደቂቃው ጤንነቴን የምትጠይቀው ምን አይታብኝ ነው እላለሁ። ዓይኗን ላለማየት ወለል ወለሉን ማየቴም አለ። እኛ ዘንድ ታላቅ ሲናገር ማፍጠጥ ብልግና ነው። እዚህ ግን የደበቅከው ነገር ያለ ያስመስልብሃል።

የባሰው ጣጣ ግን "እሺ" ነው። የእኛ እሺ ስንት ነገር ነው! ሰምቻለሁ ማለት ነው፣ አሁን ተይኝ ማለት ነው፣ አይመቸኝም ግን ይሉኝታ ይዞኛል ማለትም ነው። እነሱ የሚሰሙት አንዱን ብቻ ነው፤ አደርገዋለሁ የሚለውን። አንድ ዓመት ለጃንዋሪ 7 መደበችኝ። የገና ዕለት! እሺ አልኳት። ሲነጋ ደውዬ "አሞኛል" አልኩ። ሰው ስላልነበረ ራሷ ገብታ 12 አልጋ አነጠፈች። በማግስቱ ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ "ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?" ብቻ አለችኝ። የእኛ ገና በዚያ ቀን መዋሉን ከየት ትወቀው?

በሚቀጥለው ዓመት ካላንደር ገዝቼ እንቁጣጣሽን፣ ገናን፣ ጥምቀትን፣ ስቅለትንና ፋሲካን በቀይ አክብቤ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ። "በእነዚህ ቀናት አልገባም፤ የእናንተን ገና ዲሴምበር 25ን እና ታንክስጊቪንግን (የምስጋና በዓላችሁን) ግን እኔ እሠራለሁ" አልኳት። ቢሮዋ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። በእነሱ በዓላት መሥራት የሚፈልግ ስለሌለ የሥራ ባልደረቦቼም ወደዱኝ።

ሕጉም ከአንተ ጋር ነው። የ1964ቱ (በፈረንጆች) የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ ለሃይማኖት በዓል እንዲያመቻች ያስገድዳል። በ2023 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እሑድ አልሠራም ባለ የፖስታ ሠራተኛ ጉዳይ፣ ቀጣሪው እምቢ ለማለት ከባድ ጫና እንደሚደርስበት ማሳየት አለበት ብሎ ወሰነ። ግን በሕግ አትጀምር። በካላንደር ጀምር።

የአንተን ጉዳይ ሳየው "አይናገርም" ስትል ወሬ አያወራም ማለቷ አይመስለኝም። ክፍልህን ጨርሰህ ዝም ብለህ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ አይደል? የሚንጠባጠብ ሻወር፣ የማይዘጋ መስኮት አይተህ ታልፋለህ። እሷ የምትሰማው ግን እንግዳው ሲጮህ ነው። ነገ አንዱን ንገራት። በስሟ ጥራት፣ እዚህ አንቱታ የለም።

መልስ
እህታችን ያለችው ለደህና አለቃ ነው። እኔ የመኪና ማቆሚያ ስሠራ አለቃዬ በጣም ተጫዋች ነበር። ቡና ሁሉ ይጋብዘኛል። በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ የሠራሁትን ግን አንድ ተኩል አድርጎ አይከፍለኝም። "በሚቀጥለው ቼክ" ይለኛል። ይህ የመግባባት ችግር አይደለም፣ የደመወዝ ነው። የገባሁበትንና የወጣሁበትን ሰዓት በደብተር ጽፌ ይዤ ስለነበር የሠራተኛ ሚኒስቴሩ ጋ ሄጄ አስከፈልኩት። በፌዴራሉ ሕግ መጠየቅ የሚቻለው እስከ 2 ዓመት ወደ ኋላ ነው፤ ሆን ብሎ ያደረገው ከሆነ 3። እኔ ስለዘገየሁ የመጀመሪያዎቹ ወራት ቀሩብኝ። ወንድሜ፣ አንተም ቼክህን እያት።

ጠያቂው
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ቼኬን አየሁ፣ ልክ ነው። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚያፈስ ሻወር እንዳለ ነገርኳት። ዓይኗን እያየሁ፣ ላብ በላብ ሆኜ። "ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለችኝ። "ከሦስት ሳምንት" አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና ሳቀች። "ደህና ነህ?" አለችኝ ደግሞ። ለካ እኔም "እህ" ብያት ኖሯል።