የእንጦጦ ቤተ መንግሥት በማይንክራፍት፦ ግድግዳውን በምን ልሥራው?

ሽሮሜዳ፦
ሰላም ቤተሰብ። የአፄ ምኒልክን የእንጦጦ ቤተ መንግሥት በማይንክራፍት፣ በብሎክ በሚገነባበት የኮምፒውተር ጌም፣ እየሠራሁ ነው፤ አንድ ብሎክ ለአንድ ሜትር። ሠፈሬ ከሥሩ ስለሆነ ቦታውን ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። ግድግዳው ግን አስቸገረኝ። በነጭ ኮንክሪት ስሠራው ሆስፒታል መሰለ። ያ ኖራ የተቀባ የጭቃ ምርግ፣ እብጥ ስርጉድ ያለው ፊቱ፣ እንዴት ይመጣል? የሣር ክዳኑስ? ዙሪያውንስ ባሕር ዛፍ ልሙላበት?

ጭቃ_ቤት፦
ኮንክሪቱን ተወው ወንድሜ። ካልሳይት የሚባለው ነጭ የድንጋይ ብሎክ ይሻላል፣ ድምቀቱ ልከኛ ነው። ጭቃን ከስንዴ ጋር ስትሠራው የሚወጣ ብሎክ ደግሞ አለ፤ ልክ እኛ ጭቃውን ከጭድ ጋር እንደምናቦካው። ከግርጌ፣ ዝናብ ኖራውን የሚያጥብበት ቦታ ላይ እሱን ጣል ጣል አድርግ። ለክዳኑ የድርቆሽ ብሎክ።

የድሮ_ካርታ፦
ባሕር ዛፍ በፍጹም! ንጉሡ እንጦጦ ሲቀመጡ ገና አገር ውስጥ አልገባም። የመጣው ከተማዋ ማገዶ ካጣች በኋላ ነው። አዲስ አበባ ራሷ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው፣ እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃን ወድደው። ስለዚህ ገላጣ ተራራ፣ ሣር፣ አለፍ አለፍ ብሎ ጥድ። እንጦጦ ማርያምንም እንዳትረሳ፤ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡት እዚያ ነው። ስምንት ማዕዘን መሆኑን ልብ በል።

ሽሮሜዳ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ካልሳይቱን አሁን ሞከርኩት፣ በጣም ያምራል። ባሕር ዛፉን ዛሬ ማታ እነቅለዋለሁ። ማርያምን እንደጨረስኩ ፋይሉን እዚሁ እለቃለሁ።